የመለስኩት ዘይት

ለታላቅ እኅቴና ለአሳዳጊዬ ለእትዬ ሀረጓ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እንደምን ከርመዋል? ያ ጉልበትዎ ባለፈው ክረምት እንዴት አደረገዎት? ይህን ደብዳቤ በራስዎ ዓይን ያነቡታል ወይስ ማንጠግቦሽ ታነብልዎታለች? እሷ የምታነብ ከሆነ ቀስ ብላ ታንብብ፤ የሚያሳዝነው ቦታ ላይ ስትደርስም እንዳትዘል፣ ስትዘል ያውቁባታልና። የጋሼ አዛናው ሳልስ ተሻላቸው? ዝናቡ ለእህሉ በቃው? ደጁ ሰላም ነው? ዛሬ መንገዱ ተከፈተ ሲሉ እሰማለሁ፣ በማግስቱ ደግሞ ተዘጋ ይላሉ። ስልኩም ከተቋረጠ ሦስተኛ ወሩ ስለሆነ የማምነው በዓይኑ አይቶ የመጣውን ሰው ብቻ ነው።

እኔ ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፣ እንደ ወጉ። ግን እርስዎ ውሸት አላስተማሩኝም። ደክሞኛል፣ እትዬ። ወገቤ ደክሞታል፤ እሱስ የልብስ ማጠቢያው ሥራ ነው፣ የአረጋውያኑ ቤት አንሶላ ቢያጥቡት ቢያጥፉት አያልቅም። ከወገቤ ይልቅ ያደከመኝ ሌላ ነገር አለ። ዛሬ የምጽፍልዎት ስለ እሱ ነው።

በመጀመሪያ ግን ካሳው ጓዙን ሲፈታ የሚያዩትን አስቀድሜ ልንገርዎት። የባለቤቴ የዘሩ የአጎት ልጅ ካሳው በጥቅምት መጀመሪያ ከእናንተ ዘንድ ሲመለስ የላኩልኝን የዘይት ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ አስረክቦኛል። አሁን የእኅቱን ልጅ ሊድር ተመልሶ ስለሚመጣ ጠርሙሱን እንደታሸገ ይዞልዎት ይመጣል። እኔም አልተቀባሁበትም፣ ልጄ ታማርም አልተቀባችበትም። እርስዎ የላኩትን ነገር ስመልስ በዕድሜዬ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ትዋበች ባሕር ተሻግራ ኮራች ይሉኛል ብዬ ፈርቻለሁ። ይህን ሁሉ የምጽፈው እንዳይቀየሙኝ ነው፤ ቢቀየሙኝም ምክንያቱን አውቀው ይቀየሙኝ።

ታማር ያኢርን ካገባች ሰባት ዓመቷ ነው። ያኢር እዚሁ እስራኤል የተወለደ የእኛው አገር ሰዎች ልጅ ነው፤ አማርኛው ሰባራ ቢሆንም ልቡ ሙሉ ነው። ግቫት ጺዮን በሚባለው ሰፈር ይኖራሉ፣ ከእኛ ሰፈር ከሺምሾን በአውቶቡስ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ሰባት ዓመት ልጅ ጠበቁ። ኩፓት ኾሊም የሚሉት የሕክምና ጣቢያ ሐኪም መርምሮ መርምሮ የሚታይ ችግር የለም ይላቸዋል፣ እነሱም አመስግነው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። እኔም ያላለቀስኩበት ጸሎት አልነበረም። ግን ነገር ሲቆይበት የሰው ልብ ይደክማል፤ የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ። ጌታን አልተውኩትም፣ ይህን ይወቁልኝ። እሱን ሳልተው ሌላ ጨመርኩበት።

የተጀመረው በክር ነው። ኤስቴር የምትባል ጎረቤት አለችኝ፣ አባቷ ከሞሮኮ የመጡ፤ ጦርነቱ ከተነሣ ጀምሮ የሮኬት ማስጠንቀቂያው ሳይረን በጮኸ ቁጥር ደረጃው ሥር አብረን ስንቀመጥ እኅት የሆነችኝ ሴት ናት። በኢየሱስ ማመኔን ታውቃለች፣ ደብቄያት አላውቅም፣ እሷም በዚህ ተቆጥታኝ አታውቅም። አንድ ቀን እጄ ላይ ቀይ ክር አሰረችልኝና ለታማርም አንድ ሰጠችኝ። በመጽሐፍ ቅዱስ በምትጠራ የከበረች እናት መቃብር ላይ የተጠመጠመ ነው አለችኝ። ለወዳጅ ብዬ ዝም አልኩ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንዲሉ፣ ከክሩ በኋላ ከዚህ አንድ ሰዓት ወደሚያስኬድ የአንድ ጻድቅ መቃብር ወሰደችኝ። ሴቱ ሁሉ ሻማ እያበራ ያለቅሳል። እኔ የጎንደሯ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ተሳልኩ። እናታችን ለቁስቋም ስትሳል እንደሰማኋት ቃል በቃል፣ ታማር ከፀነሰች ወርቃማ ዘርፍ ያለው ጥላ አስገባለሁ አልኩ። ለአይሁድ ጻድቅ መቃብር የቤተ ክርስቲያን ጥላ። እርስዎ ከስለት ካወጡኝ አርባ ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ አፌ ግን አልረሳውም።

ሁለተኛው ኦፊር ነው። ከዋናው መሥሪያ ቤት እየመጣ ለሠራተኛው ሥልጠና የሚሰጥ፣ ድምፁ ለስለስ ያለ ሰው ነው። በምሳ ሰዓት ሰብስቦን ፍልስፍናውን ያስተምረናል። ሰው የሚሆነው ያሰበውን ነው፤ የምትፈልጊውን እንደተፈጸመ አድርገሽ ለዓለሙ ንገሪው፣ ይመልስልሻል ይላል። ዓለሙን ሁሉ ሃዬኩም ነው የሚሉት በቋንቋቸው፣ እሱም እንደ ሰው ስም ይጠራዋል። አታላይ አይደለም፣ የሚለውን ከልቡ ያምነዋል። እኔም ታማር ወለደች ብዬ በአማርኛ ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩ። ዘሩ ከፋብሪካ ገብቶ አነበበውና እልል ልበል ወይስ ገና ነው አለኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለቱ ነበር። ወረቀቱን ግን አላነሣሁትም፤ ጠዋት ጠዋት ሳነበው ትንሽ ደስ ይለኝ ነበር።

ሦስተኛው የመጣው ከገዛ ቤታችን ነው፣ የባሰውም እሱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ ቤት የምንጸልይ አሥራ አንድ ሰዎች መሆናችንን ነግሬዎት ነበር። የሚያስተምረን ኣታኽልቲ የሚባል ከትግራይ የመጣ ወንድም ነው፤ ብዙ ያነበበ፣ ሲናገር የሚጣፍጥ። ባለፈው ዓመት ትምህርቱ እየተቀየረ መጣ። ክርስቶስ በሩ ነው፣ በር ላይ ግን ማንም አይኖርም፣ ወደ ውስጥ ክፍሎች አሉ አለን። ወደ ክፍሎቹ የሚገባው የመላእክትን ስም የሚጠራ፣ የወር መባቻን የሚጠብቅ፣ ይህን የማይበላ ያንን የማይነካ ሆነ። ሐዋርያው በእስር ሳለ ስለዚሁ ጉዳይ ለምእመናን የጻፈው ማስጠንቀቂያ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተገልጦ ነበር። እያነበብነው የከለከለንን እናደርግ ነበር ብል ያምኑኛል? ስለ ታማር ብዬ ፀሐይ እስክትጠልቅ ውኃም የማይቀመስበት የአርባ ቀን ጾም ያዝኩ።

የአረጋውያኑ ቤት ውስጥ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው አንዲት ባልቴት አሉ። የገዛ ልጃቸውን ስም ረስተዋል፣ እኔን ሲያዩ ግን ፊታቸው ይፈታል። በሠላሳ አንደኛው ቀን አንሶላቸውን ስቀይር ብርቱካን እየላጡ ነበርና አንዷን ክፋይ ወደ አፌ ዘረጉልኝ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ጭማቂው በክንዳቸው ላይ ይወርዳል። እትዬ፣ ጉርሻ ይመለሳል? እኔ አልቻልኩም፤ እርስዎም ቢሆኑ አይችሉም ነበር። ጎረስኩ። ቅዳሜ ለኣታኽልቲ ስናዘዝለት ፊቱ ጠቆረ፣ ግን ቀጥዪ አለኝ።

በሚያዝያ ታማር ፀነሰች።

ኤስቴር ጻድቁ ሰማሽ አለችኝ። ኦፊር ለሠራተኛው ሁሉ ምሳሌ አድርጎ ጠቀሰኝ። ኣታኽልቲ በጉባኤው መካከል አቁሞ ስለ ጾሙ አስመሰከረኝ። እኔም ለሁሉም አዎን አልኩ። ጌታንም አመሰገንኩት፤ ግን በመጨረሻ፣ በሠርግ ቀን ወጥ ቤት ሲሠራ የዋለን ዘመድ እንግዳው ሁሉ ከበላ በኋላ እንደሚያስታውሱት።

ስለቴንም ላደርስ ጥላውን ከአዲስ አበባ አሰፍቼ አስመጣሁ፤ ቀይ ከፋይ፣ ዘርፉ የሚያብረቀርቅ። ይዤው አውቶቡስ ስሳፈር የአገራችን ቤተ እስራኤሎች ለስግድ በዓላቸው ለቄሶቹ የምወስደው መስሏቸው ስግድ እኮ ገና ነው አሉኝ። የመቃብሩ ጠባቂ ደግሞ ልሸጥ የመጣሁ መስሎት በሩ ላይ አቆመኝ። ስለትን በዕብራይስጥ እንዴት አድርጌ ላስረዳው? በመጨረሻ ማታና አልኩት፣ ስጦታ ማለት ነው፤ ትከሻውን ሰብቆ አሳለፈኝ። ሴቶቹ ባሉበት ጥግ አቁሜው ወጣሁ። አውቶቡስ ስጠብቅ አንዲት ወጣት እናት ያንኑ ጥላ ዘርግታ የሕፃኗን ጋሪ ከፀሐይ ከልላበት ስትወጣ አየሁ። ሕፃኑ ተኝቷል። ይህንንም እንደ መልካም ምልክት ቆጠርኩት፤ ያን ሰሞን ሁሉ ነገር ምልክት ይመስለኝ ነበር።

በነሐሴ መጨረሻ፣ በአምስተኛው ወር፣ ልጁ ሆዷ ውስጥ ሞተ። ወንድ ነበር። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም፣ ካሳው ነግሮዎታል።

መጽናኛ ስፈልግ ሦስቱም ዘንድ ሄድኩ። ኤስቴር አብራኝ አለቀሰች፣ ሾርባ ሠርታ እስከ ታማር ቤት ተሸክማ ሄደች፤ እንደዚያ ዓይነት ሴት ናት። ቆይታ ግን ጥላ እኮ የእኛ ወግ አይደለም፣ የሚገባው ሻማ ነበር አለችኝ። ኦፊር እጄን ይዞ ውስጥሽ ፍርሃት ነበር፣ ዓለሙ ፍርሃትሽንም ሰማ አለኝ። ኣታኽልቲ ብርቱካኗ ናት አለ። ሦስቱም ልጁን የገደልሽው አንቺ ነሽ አላሉኝም፣ እኔ ግን የሰማሁት እንደዚያ ነው፣ አመንኳቸውም። ሲሰምር የእነሱ ነበር፣ ሲከሽፍ የእኔ ሆነ፤ ይህን ያስተዋልኩት ኋላ ነው። ያን ጊዜ ያስተዋልኩት ድካሜን ብቻ ነበር። አንሶላ እያጠፍኩ እጄ መሐል ላይ ይቆምና የት ጋ እንደተሳሳትኩ ከመጀመሪያው እንደገና እመረምራለሁ።

በዘጠነኛው ቀን ታማር ቤት ሄድኩ። በቀትር መጋረጃው ተዘግቷል፣ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አድርጋ ተኝታለች። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሁሉን ተናዘዝኩላት። ክሩን ታውቃለች፤ ጥላውን፣ ጾሙንና ብርቱካኗን ግን ነግሬያት አላውቅም ነበር። ይቅር በዪኝ አልኳት። ዳይ፣ እማ አለችኝ፣ ተዪው ማለቷ ነው። እሷ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በዕብራይስጥ ነው፤ ያን ቀንም እንደዚያው። በእኔ እምነት የለችበትም፣ ወታደር ከሆነች ወዲህ ጉባኤያችንን ረግጣው አታውቅም። ከዚያ ሳትዞር ጠየቀችኝ። ሦስቱም የጎደለሽን ነገሩሽ፣ ያንቺው ኢየሱስስ ምን አለሽ አለችኝ።

አልጠየቅኩትማ። ልጁ ከሞተ በኋላ እንኳ የሮጥኩት ወደ ሦስቱ ነበር። ይህንኑ ስነግራት ዘወር ብላ አየችኝና እንግዲያው አሁን ጠይቂው፣ እኔም ልስማ አለችኝ። እያሾፈች ይሁን ከልቧ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

እትዬ፣ በአርባ ዓመት ጸሎቴ እንደዚያ ቀን ባዶ ሆኜ አላውቅም። ጾም የለኝ፣ ስለት የለኝ፣ ይህን ብታደርግልኝ ያንን አደርጋለሁ የምለው የለኝ። ጌታ ሆይ፣ ምንም ይዤ አልመጣሁም፣ ደክሞኛል፣ ልጄም ደክሟታል አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ድምፅ አልሰማሁም፣ ራእይ አላየሁም። ግን እዚያ ክፍል ውስጥ የሚወቅሰኝ አልነበረም። በየሄድኩበት ሲከተለኝ የሰነበተው ወቀሳ እሱ ፊት ሲደርስ ጠፋ። የሁለቱ እኅትማማቾች ወንድም በሞተ ጊዜ ምን አጎደላችሁ ሳይላቸው አብሯቸው ያለቀሰ ጌታ መሆኑ ያኔ ትዝ አለኝ፤ ስንት ጊዜ ሲሰበክ የሰማሁት ነገር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፣ እኔም አለቀስኩ። ታማር አሜን አላለችም። እጇን ጉልበቴ ላይ እንዳሳረፈች እንቅልፍ ወሰዳት፤ ያኢር በዘጠኝ ቀን ውስጥ በደንብ ስትተኛ የመጀመሪያዋ ነው አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ክሩን ፈታሁ። ኤስቴር አየችው፣ ዛሬም ወዳጄ ናት። ወረቀቱን ከማቀዝቀዣው ያነሣው ዘሩ ነው። በቅዳሜው ጉባኤ ተነሥቼ ኣታኽልቲን፣ ወንድሜ፣ የመራኸኝን ክፍል ሁሉ ገብቼ አየሁት፣ ባዶ ነው፤ ክርስቶስ በሩም ቤቱም ነው አልኩት። ሴት ልጅ እንዲህ ትናገረኝ ብሎ ተቆጣ፣ አራት ሰው አስከትሎ ወጣ። ስድስት ቀርተናል። ሰው መበተን አልፈለግኩም ነበር፣ ይህም ራሱ አድክሞኛል።

የእርስዎ ዘይት የደረሰኝ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አብሮት የላኩትን ቃል ካሳው ሳያጎድል ነግሮኛል። በከተማው የተነሣ ነቢይ ጸልዮበታል፣ ሰባት ቀን ሆዷን ትቀባው፣ ያለዚህ ዘይት ማኅፀኗ አይከፈትም ብሏል ብለዋል። በዚያ ጉልበትዎ ስንት ሰዓት ሰልፍ ቆመው እንዳገኙት አውቃለሁ። ጠርሙሱን ይዤ መጀመሪያ ያለቀስኩት ለእርስዎ ጉልበት ነው። ለታማር አሳየኋት። በእጇ ገልበጥ አድርጋ አየችውና ካልሆነስ የማን ጥፋት ይሆናል ብላ ጠየቀችኝ።

እትዬ፣ እስኪ እርስዎ ይመልሱላት። ሰባት ቀን ተቀብታው ባይሆን ነቢዩ ስድስተኛውን ቀን አጓድላለች ይላል። እሷ ደግሞ ሌላ ወቀሳ የምትሸከምበት ትከሻ የላትም። ዘይቱን አልነቀፍኩትም፤ ሽማግሌዎች ለታመመ ሰው ዘይት ቀብተው ቢጸልዩ ደስ ይለኛል። ያስመለሰኝ ያለዚህ አይሆንም የሚለው ቃል ነው። ያለዚህ አይሆንም የሚል ነገር ቤቴ ገብቶ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ አራተኛውን አልችልም።

ይህን ያስተማሩኝ ደግሞ እርስዎ ራስዎ ነዎት። እናታችን በሞተች በዓመቷ፣ አሥራ አራት ዓመቴ ሳለ፣ ክታቤን ከአንገቴ ፈትተው ምድጃ ውስጥ ጣሉት፤ ጌታ ካለሽ ምንም አልጎደለሽም አሉኝ። አንገቴ ቀሎኝ ስንት ቀን በፍርሃት ሰነበትኩ። ምንም አልነካኝም። ያን ጊዜ ለአንዲት ፈሪ ልጅ የበቃ ጌታ ዛሬ በምን አነሰ? ልወቅስዎት ብዬ አይደለም፣ ማን ሆኜ። ከእርስዎ አብልጬ ያሳነስኩት እኔ ነኝ። ጭንቀት ሰውን የማያስይዘው ነገር የለም፤ እርስዎም ዘይቱን የያዙት ለእኔ ተጨንቀው ነው። ጸሎትዎን ግን አይቀንሱብኝ፣ በእሱ ላይ ቆሜ ነው ያለሁት።

ሐኪሙ ከዚህ አገር የክረምት ብርድ በኋላ እንደገና መሞከር ይቻላል ብሏል። ታማር ልሞክር ወይም ልተው አላለችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዘሩና ያኢር ባሕሩ ዳር ወዳለው ፓርክ ይወስዱናል፤ ከጥንቱ ፍርስራሽ አጠገብ ምንጣፍ አንጥፈን እንቀመጣለን። ባለፈው ሳምንት ታማር ያቺ የነገርኳት ወንድሟ የሞተባት ሴት ኢየሱስን ተቆጥታው ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ፣ በጊዜው ብትመጣ ኖሮ ብላዋለች አልኳት። ጥሩ አደረገች አለች። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር አወራን።

ለጋሼ አዛናው እጅ ነሥቻለሁ፤ ሳላቸው ካልለቀቃቸው ሐኪም ይዩ፣ እልኸኝነታቸውን ይተዉ በሉልኝ። ማንጠግቦሽን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሙልኝ፤ እዚህ ድረስ ሳትዘል ካነበበች አንበሳ ናት። ለቢራራ ትምህርቱን እንዲበረታ፣ ለእማማ ጥሩየም ጸሎታቸው እንዳልተረሳኝ ይንገሩልኝ። ዘሩ ከወንበሩ ተነሥቶ ነው ሰላም በይልኝ ያለኝ። ያኢር በአማርኛ ልጻፍ ብሎ ሞከረና ተወው፤ ልቡን ይቀበሉት። ታማርም እትዬ ዘይቱ ስለተመለሰ እንዳያዝኑ፣ ስለ ድካማቸው እግራቸውን ስሜያለሁ በይልኝ ብላለች፤ ይህን ያለችው በአማርኛ ነው።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ አራት ቀን ፈጅቶብኛል። ሌላው ሁሉ በአንድ ቀን አለቀ። ሦስቱን ቀን የወሰደችብኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ጽፌያት እደመስሳታለሁ፣ እውነቴን መሆኑን ሳላውቅ ልልክልዎት አልፈለግኩምና። ዛሬ አልደመስሳትም። ታማር ልጅ ባትወልድም ጌታ ይበቃናል።

እኅትዎም ልጅዎም የሆንኩት
ትዋበች

አሽቀሎን፣ ሺምሾን ሰፈር
ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.